ሪያሉ የተላከበት ዓመት

ሰኞ፣ የካቲት 2

አለቀ። ትናንት አንኮበር ላይ የንስሐ አባታችን መምሬ ኃይሌ ከሽማግሌዎቹ መሀል ተነሥተው መስቀላቸውን ከፍ አደረጉና፣ «ይህን ነገር ከዛሬ ወዲያ ያነሣም ያስነሣም ውግዝ ይሁን» አሉ። ሁላችንም አሜን አልን። ባሌ ደምሴና እህቱ አስካለ ተሳሳሙ። ከዚያ ጠላው ቀረበ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ወሬው ወደ ገብስ ዋጋ ዞረ። እኔ ጥግ ይዤ አለቀስኩ። የደስታም የድካምም ነበር።

ስንት ወር ነው እንቅልፍ ያጣሁት! ወደፊት ሳነበው እንዳይምታታብኝ ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው። አስካለ ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ ኖረች። ከ2009 ጀምሮ ያገኘቻትን ሪያል በሰው እጅም በምንም ለእናቷ ለእማማ ትልካለች፤ እማማ መንዝረው ለደምሴ ይሰጡታል። ደምሴ ግንበኛ ነው። የራሱንም እየጨመረ እዚህ ደብረ ብርሃን ይህን ቤት ሠራ። ፊት ለፊት ትልቁ ቤትና መንገድ የያዙ ሁለት ሱቆች አሉ፤ አንደኛው የእኔ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሱቅ ነው። ጓሮ ደግሞ ሦስት ክፍል ሰርቪስ አለ። ካርታው በደምሴ ስም ነው። እማማ ዐረፉ። አምና አስካለ ጠቅልላ መጣችና «ድርሻዬን» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚህ ግቢ ሰላም የለም።

እሷ ሪያሌ በዛሬው ዋጋ ይታሰብልኝ አለች፤ ዛሬ ሪያል አርባ ብር ሊደርስ ምንም አልቀረው። ደምሴ ደግሞ ቤቱ የተሠራው በዚያን ጊዜ ብር ነው፣ ሲሚንቶውንም የገዛሁት በዚያን ጊዜ ዋጋ ነው አለ። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ የሚያናድደውም እሱ ነው። የሽማግሌዎቹ ዳኛ ጋሽ ወርቁ መሀሉን አገኙት። እያንዳንዱ ሪያል በተላከበት ጊዜ በነበረው የባንክ ዋጋ ይታሰባል፣ የደምሴም ጉልበት ይቆጠርለታል፤ ከሁለቱ ያዋጣው የበለጠ ፊት ለፊቱን ይወስዳል፣ ያነሰው ጓሮውን።

ዋጋውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። የድሮ ምንዛሪ የሚያሳይ ድረ ገጽ አለ፤ ወርና ዓመት ከመረጡለት የዚያን ጊዜውን ዋጋ ይሰጣል። አስካለ የላከችውን ሁሉ በበዓል ነው የምታስታውሰው፤ የ2009 ጥምቀት፣ የ2012 ፋሲካ፣ የ2015 ፍልሰታ እያለች። ጋሽ ወርቁ ይጠይቃሉ፣ እሷ ትመልሳለች፣ እኔ ስልኬ ላይ እፈልጋለሁ። ጥርን ጃንዋሪ፣ ነሐሴን ኦገስት እያደረግሁ ቶሎ ቶሎ ስገለብጥ አንዱ ሽማግሌ «ይቺ ልጅ ባንክ ነበር መግባት የነበረባት» አሉ። ኩራት ተሰማኝ። ለምን አይሰማኝም?

ሲደመር ደምሴ በለጠ። ፊቱ ለእኛ፣ ጓሮው ለአስካለ። ሱቄ ተረፈች። ዛሬ ስንት ጊዜዬ በልቼ ስጠግብ።


ማክሰኞ፣ የካቲት 3

ምነው ዛሬ ሱቁን ባልከፈትኩ።

ጠዋት አንዲት ከሳዑዲ የተመለሰች ሴት መታወቂያዋን ኮፒ ልታስደርግ መጣች። የደብረ ሲና ልጅ ነኝ አለች። ወሬኛ ናት፤ እኔ ደግሞ ወሬኛ ደንበኛ እወዳለሁ። ስለ ሪያል መወደድ ተነሣና፣ «አይ ያኔ! ኮሮና ጊዜ እኮ ዘጠኝ ብር ነበር። ያን ፋሲካ በር ተዘግቶብን ውለን፣ ለእናቴ በዘጠኝ ብር ሒሳብ ላኩላት» አለች። እኔም ሳቅሁ፣ ኮፒውን ሰጠኋት፣ ሸኘኋት። ሳቁ ፊቴ ላይ የደረቀው ከሄደች በኋላ ነው።

ኮሮና 2012 ነው። እኔ የ2012ን ፋሲካ ያሰብኩት አምስት ብር እንኳ በማይሞላ ዋጋ ነው።

ተሳስታ ይሆናል ብዬ ያንኑ ድረ ገጽ ከፈትኩ። ኤፕሪል 2012። አምስት አይሞላም። ልክ ነኝ። እፎይ ልል ስል ዓይኔ ስልኩ ላይ ከተጻፈው የዛሬ ቀን ላይ ዐረፈ፤ ፌብሩዋሪ 2026 ይላል።

ወሮቹን ገለበጥኩ እንጂ ዓመቶቹን አልገለበጥኩም።

የእኛ የ2012 ፋሲካ በፈረንጅ 2020 ነው። ይህን የማያውቅ ሰው አለ? እኔ እኮ እንጀራዬ ይኸው ነው! ለፓስፖርት ቅጽ የሰውን ሁሉ የልደት ቀን ወደ ፈረንጅ እየገለበጥኩ ነው ገንዘብ የምቀበለው። ድረ ገጹ ላይ 2009፣ 2010፣ 2011 ተደርድሮ ሳይ፣ አስካለም የምትጠራው ያንኑ ቁጥር ስለሆነ፣ እጄ ዝም ብሎ ተጫነው። በዚያ ላይ ደምሴ በትከሻዬ በኩል እያየ ይተነፍስብኛል፣ ሽማግሌዎቹ ያደንቁኛል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ያፈሰስኩት የሰው ነው፤ የሚለቀም መሆኑንም አላውቅም።

ሱቁን ዘግቼ ሁሉንም እንደገና አየሁት። የ2009ን ጥምቀት ሦስት ብር ገደማ ብዬው ስድስት ኖሯል። የ2015ን ፍልሰታ አምስት ብር ተኩል ብዬው ከአሥራ አራት በላይ ነው። አንዱ እንኳ ወደ እኛ አያደላም። ስደምረው አስካለ ትበልጣለች፤ ያውም በትንሽ አይደለም። ፊት ለፊቱ የእሷ ነው። ይህ የቆምኩበት ሱቅም።

ግዝቱን ፈራሁ። ደምሴን ፈራሁ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰው «አውቃ ነው» እንዳይለኝ ፈራሁ።


ረቡዕ፣ የካቲት 4

አልተናገርኩም። ሽሮውን አሳረርኩ፣ ለአንድ ሰው ማመልከቻ በሌላ ሰው ስም ጻፍኩ፣ መልስ አሳስቼ ሰጠሁ።

ደምሴ የቀለም ባልዲ ይዞ ገባ። ጠዋት ውርጭ ስለነበር ቀለሙ አይደርቅም ብለው ጎረቤቶች መክረውት ነበር፤ መች ሊሰማ። ያፏጫል። ሲያፏጭ ከሰማሁት ስንት ዘመኔ! «ሁለተኛውን ሱቅ ለፀጉር ቤት እናከራየዋለን፤ አንቺም አንድ ትልቅ ማሽን ትጨምሪያለሽ» አለኝ። «እስቲ መጀመሪያ ጾሙ ይያዝ» አልኩት። ምን ለማለት እንደፈለግሁ እኔም አላውቅም።

ቀኑን ሙሉ ከራሴ ጋር ስከራከር ዋልኩ። አንዴ፣ ግዝት አለ፣ ነገሩን ያነሣ ውግዝ ነው፣ ስለዚህ ዝም ማለቱ ሃይማኖት ነው እላለሁ። እንዴት ያለች ቆንጆ ሰበብ! አንዴ ደግሞ፣ አስካለ ራሷ አሜን ብላ የለም ወይ እላለሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እኔ ግን ዝም ባልኩ ቁጥር ከውስጥ እየነቀዝኩ ነው።

ደግሞ ትዝ አለኝ። ያን ዕለት ድምሩ ሲነበብ አስካለ አንድ ጊዜ፣ «ያኔ ከዚህ የሚበልጥ ይመስለኝ ነበር» ብላ ነበር። ጋሽ ወርቁ «ልጄ፣ ማሽን አያዳላም» አሏት። አንገቷን ደፋች። እኔ አየኋትና፣ ይቺ ሴት እልኳ ብዬ በሆዴ አማኋት።

ራት ላይ ደምሴ «ምን ሆነሻል?» አለኝ። «ራሴን አሞኛል» አልኩት። እሱስ ውሸት አይደለም።


ሐሙስ፣ የካቲት 5

አስካለ ሱቅ መጣች። ፓስፖርቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ «እትዬ፣ እስቲ ይህን ሁለት ኮፒ አድርጊልኝ» አለችኝ።

«ለምንሽ ነው?»

«ልመለስ ነው።»

ማሽኑ እስኪሞቅ ይቆያል ብዬ ዋሸኋት። ከሞቀ ቆይቷል። እንድትቀመጥ ወንበር ሳብኩላት፤ ወገቧን ይዛ በቀስታ ነው የምትቀመጠው። ገና አርባ አልሞላትም።

«መጋረጃ ልሰፋ ነበር ሐሳቤ» አለችኝ። «መንገድ ዳር ብሆን ይሆንልኝ ነበር። ጓሮ ድረስ ገብቶ መጋረጃ የሚገዛ ማን አለ? ክፍሎቹን አከራይቼ እሄዳለሁ። ደላላው ሰኞ አዲስ አበባ ለጤና ምርመራ ነይ ብሎኛል።»

«ወገብሽስ?»

«እሱን እዚያ አልነግራቸውም» ብላ ሳቀች።

እንደምትቆጣ፣ ወንድሟን እንደምታማ ጠብቄ ነበር። ብታማው ይቀለኝ ነበር። እሷ ግን፣ «ቂም የለኝም እትዬ። ተቆጥሮ ታየ። እኔ ብዙ የላክሁ ይመስለኝ ነበር። ሰው ሲደክመው የሠራው ይበዛበታል መሰለኝ» አለችኝ።

ልናገር አፌን ከፈትኩ። ደንበኛ ገባ። ተመስገን አልኩ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ተመስገን አልኩ። ኮፒውን ሰጠኋት፣ ሒሳብ አልቀበልም አልኳት። «እግዜር ይስጥልኝ፤ ሱቅሽን ይባርክልሽ» ብላ መርቃኝ ወጣች።

የራሷን ሱቅ ነው ለእኔ የመረቀችልኝ። በሩን ዘግቼ ወረቀቱ መሀል ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሰኞ ከሄደች በኋላ ብናገር ምን ዋጋ አለው?


ዓርብ፣ የካቲት 6

ለደምሴ ነገርኩት።

ግድግዳውን እየቀባ ነበር። ስልኩን አሳየሁት፣ ዓመቱን በጣቴ ነካሁለት። ገና ስምንት ዓመት ብዬ ሳልጨርስ ገባው። ብሩሹን ባልዲው ውስጥ ነከረና እዚያው ተወው።

መጀመሪያ በግዝቱ መጣብኝ። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ነው የተባለው። በመስቀል ፊት አሜን ያልነውን ልናፈርስ ነው?» ቀጥሎ በእኔ መጣ። «ስምሽስ? ማን ተሳስታ ነው ይልሻል? ከእንግዲህ ማን ነው ቅጽ የሚያስሞላሽ?» ይሄኛው ወጋኝ፤ እውነት ነዋ። ቀጥሎ በጉልበቱ መጣ። «ድንጋዩን አንድ በአንድ የጠረብኩት እኔ ነኝ!»

«ጉልበትህም ተቆጥሮልሃል» አልኩት።

«በቀን ሠራተኛ ዋጋ!» አለ። በዚህስ እውነቱን ነው።

ከዚያ እኔ ጠየቅሁት። ከየት እንደመጣብኝ አላውቅም። «እማማ የሚሰጡህን ብር የምትቀበለው አንተ አይደለህ? ግማሹ ሲጠፋ አልጠረጠርክም?»

እኔ የማውቀው ደምሴ «እንዴት እንዲህ ትይኛለሽ!» ብሎ ግቢውን ያናውጠው ነበር። አልጮኸም። የቀለም ጠብታ ከእጁ ላይ እየጠረገ፣ «ማሽኑ ሲል እኔ ምን ልበል?» አለና ወጥቶ ሄደ።

ለካ ጠርጥሯል። የእኔ ስህተት ነው፤ የእሱን ግን ምን እንደምለው አላውቅም። ይህን ሁሉ ጊዜ እኔ እሱን ስፈራ፣ እሱ ደግሞ እንዳልደርስበት ሲፈራኝ ነበር? የሚያፏጨውስ ለምን ነበር?

ራት አልበላም። ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኛ።


ቅዳሜ፣ የካቲት 7

አንኮበር ደርሼ መጣሁ። ደምሴን አላስፈቀድኩም። ግዝት የሚፈታው የገዘተው ካህን ነው፤ እዚህ ሰፈር ወዳለ ቄስ ሮጦ መገላገል የለም። ከተማውን ወጣ እንዳልን ጉም ዋጠን፤ ሾፌሩ መብራት አብርቶ ነው የነዳው። ተሳፋሪው ሁሉ የቅበላ በግ ዋጋ ያወራል። እኔ በሆዴ ንግግር አጠናለሁ። ስደርስ አንዱም አልተገኘም።

መምሬ ኃይሌ ግቢያቸው ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ዘረገፍኩት። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«በእኛ ዓመተ ምሕረት የተነገረውን በፈረንጅ አሰብሽው?»

«አዎ አባቴ።»

«እኛስ ያን ያህል ሰው ተቀምጠን አንዳችን እንኳ ልብ አላልንም!» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ።

ይህን ሲሉ ልቤ ተመለሰ። «እንግዲያው ግዝቱን ይፍቱልኝ» አልኩ። መስቀላቸውን የሚያወጡ መስሎኝ ግንባሬን አዘጋጀሁ።

«አይሆንም» አሉኝ። «በሁሉም ፊት ያሰርኩትን ለብቻሽ አልፈታውም። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ ወርቁንና ሌሎቹን ይዤ እቤታችሁ እመጣለሁ። አንቺ በአፍሽ ትናገሪያለሽ። እስከዚያ ድረስ ነገሩን ያነሣሽው አንቺ ነሽ።»

«እስከ ነገ ብሞትስ አባቴ?»

«ይህን ፈርተሽ ነው እስከ ቅዳሜ ያቆየሽው?» አሉኝ። ፈገግ ያሉ መሰለኝ፤ እርግጠኛ አይደለሁም።

ውግዝ ሆኜ ሚኒባስ ስሳፈር የመጀመሪያዬ ነው። ዳገቱን በዞርን ቁጥር ሰላም ለኪ እደግማለሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ መኪና የምፈራ መስሏቸው ሎሚ ሰጡኝ።

ደምሴ በር ላይ ነበር። የት ነበርሽ አላለኝም። «መቼ ይመጣሉ?» አለ። «ነገ» አልኩት። ከዚያ ወዲያ አላናገረኝም።


እሑድ፣ የካቲት 8፣ ቅበላ

መጡ። አስካለ ሻንጣዋን ስታስር ነበር፤ ጠርቼ አስገባኋት። ቆሜ ነው የተናገርኩት። ድምፄ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ይሰማኝ ነበር።

ከዚያ የፈራሁት መጣ። ጋሽ ወርቁ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ቀን መገልበጥ ሥራዋ ነው። ሌት ተቀን የምትሠራውን ሰው እንዴት ይስታል?» አሉ፣ እኔን ሳያዩ፣ ለመምሬ። ወለሉ ቢከፈት እገባ ነበር።

«አውቃ ቢሆን ዝም ባለች ነበር፣ ጋሽዬ» አለች አስካለ። «እኔ እንደሆንኩ ነገ ሄጄላችሁ ነበር።»

ደምሴ እስከዚያ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ሳይነሣ፣ ቀና ሳይል፣ «እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለ። «እማማ የምትሰጠኝ ከዚያ ይበልጥ እንደነበር አውቃለሁ።»

እንዲናገር አልጠበቅሁም። እኔ ላልናገርበት ወስኜ ነበር፤ ያ ጽድቅ ይሁን ኃጢአት አልጠየቅሁም።

አስካለ ወደ እሱ ዞረች። «ሰሞኑን እኔ ራሴን ስሰድብ ነው የከረምኩት» አለችው። «እዚያ የኖርኩት ዕድሜ ይህችን ታህል ኖሯል ወይ ብዬ። አንተ እያወቅህ፣ ወንድሜ?»

ያለቀሰው እሱ ነው። እሷ አላለቀሰችም።

መምሬ ግዝቱን ፈቱ፤ ሁላችንም መስቀል ተሳለምን። ሒሳቡ እንደገና ተሠራ። በዚህ ጊዜ ጋሽ ወርቁ እያንዳንዱን ዓመት በእኛም በፈረንጅም እያስጠሩኝ ነው፤ የጠራሁትን አስካለ ትደግማለች። በመጨረሻ ፊት ለፊቱ ለእሷ ሆነ። በዚህኛው ላይ ግዝት አልተጣለም። መምሬ፣ «ይበቃል፣ መጀመሪያ ይታደርበት» አሉ።

ቅበላ ነውና ሥጋው ቀረበ። አስካለ ወጣ ብላ ለደላላው ስትደውል ሰማኋት፤ «አልመጣም» ነው ያለችው፣ ምክንያት አልሰጠችውም። ተመልሳ ከሽማግሌዎቹ ጋር በላች። ለእኔ «ሱቁን እስከ ፋሲካ ያዢው እትዬ» አለችኝ። ከፋሲካ በኋላስ? አልጠየቅሁም፤ ምን አፍ አለኝና። ለወንድሟ ግን አንዲት ቃል አልተናገረችውም። እሱም ሥጋውን አልነካም። መምሬ ሲወጡ ሁለቱን አየት አየት አድርገው፣ «ጾሙ ረጅም ነው» ብለው ሄዱ።

ሱቄን አጥቼ እንዴት ቀለል እንዳለኝ አልገባኝም። ቅጽ ከሚያስሞሉኝ ሰዎች ስንቱ እንደሚቀርብኝ ነገ አያለሁ። ወሬው ከእኔ በፊት ገበያ ይደርሳል።

ሰዉ ሁሉ ከሄደ በኋላ ደምሴ ሜትሩን ይዞ ወደ ጓሮ ገባ። ተከተልኩት። የሰርቪሱን በር ወርድ ለካ፣ ደግሞ ለካ።

«አልጋችን እንዳለ አይገባም» አለ። «ተነቃቅሎ ነው።»

ከትናንት ጀምሮ ለእኔ የተናገረው ይህን ነው። ይቅር ብሎኝ ይሁን፣ ክፍሉ ጠቦት ይሁን አላውቅም። እኔስ ይቅር ብዬዋለሁ? እሱንም አላውቅም። ግድግዳውን ሊለካ ሜትሩን ሲዘረጋ ጫፉ እየተጠቀለለ አስቸገረው፤ ሄጄ ያዝኩለት።